ለእማማ ድምፅ የሚሆን ኢኮ

ማክሰኞ

እማማ ሄድፎኑን አውልቀው አልጋው ላይ ወረወሩት። "ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም። ብርድ ልብስ ተከናንቤ የማጉረመርም ነው የሚመስለው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ለአየር ጤና ሰፈር ሱቆች ማስታወቂያ የምቀዳበት መኝታ ቤታችን ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። ዘፈንን ግን ያደርቀዋል።

እማማ ሰኞ የእንቅርት ኦፕራሲዮን አላቸው። ሐኪሙ "አብዛኛው ሰው ድምፁ ይመለስለታል፤ ግን ቃል አልገባም" ብሏቸዋል። አማቴ እማማ ጥሩወርቅ በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበሩ። እኔ ወደዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ አንድም ቀን ሲዘፍኑ አልሰማሁም። የኔንም ሥራ "ጩኸት" ነው የሚሉት። ትናንት ግን ራሳቸው መጡ።

"ሰሊ፣ የልጆቼ አባት ሲሞቱ የገጠምኩት እንጉርጉሮ አለ። ማንም አልሰማውም። ሳይቀዱኝ በፊት አንቺ ቅጂኝ።"

ከአፋቸው ያመለጠውን "ሳይቀዱኝ" ሲሰሙት ራሳቸው ሳቁ። ሐኪሞቹ "ሳይቀድዱኝ" ሊሉ ነበር የፈለጉት። ከሳቁ በኋላ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ድምፃቸው እንዲያስተጋባ በኮምፒውተሬ ኢኮ ልጨምርላቸው ሞከርኩ። አርጅቷል፤ ድምፁን አዘግይቶ ነው የሚያመጣው። እሳቸው ደግሞ እየዘፈኑ ካልሰሙት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ራሱን የቻለ የኢኮ ማሽን ማግኘት አለብኝ። እስከ እሑድ።

ረቡዕ

ያሉኝ ምርጫዎች፦
– የጎረቤታችን የጊታር ኤፌክት፣ በእግር የሚረገጠው።
– የድምፅ ማጉያ አከራዩ ሚክሰር፣ ኢኮ ያለው።
– ሌላ የለም።

የጊታሩን ዛሬ ሞከርኩት። ለጊታር ግሩም ነው፤ ለሰው ድምፅ ግን ሽሽሽ ይላል፣ ዘይት ውስጥ ሽንኩርት እንደተጨመረ። እማማ ሄድፎኑን ሳያጠልቁ ከሩቅ ሰምተው "ምን እየጠበስሽ ነው?" አሉኝ። መለስኩት።

ሐሙስ

ሚክሰሩ ደግሞ ባሰ። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ይመልሰዋል። "መንገድ፣ ገድ፣ ገድ።" ባለቤቴ ሳምሶን ሳቀ። እማማ አልሳቁም። "ሰሊ፣ ይቅር። አትድከሚ" አሉኝና ጉሮሯቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

አገኘሁ!

ጋሽ ደበበ አየር ጤና ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ኢኮ ስጠይቃቸው ከመደርደሪያው ሥር ጠፍጣፋ ጥቁር ሣጥን አወጡ። ለዚሁ ብቻ የተሠራ፣ የድሮ ስቱዲዮ ዕቃ። ድምፅን ክፍል ውስጥ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ካቴድራል ውስጥ እንዳለ ያስመስላል።

"አትልፊ ልጄ፣ ግራው ሞቷል። በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው።"

"ጋሼ፣ የምቀዳው እኮ አንዲት ሴት በአንድ ማይክ ነው። አንዱ ጎን ይበቃኛል!"

ዋጋውን ስጠይቃቸው "ለሱቄ ማስታወቂያ ሥሪልኝና ውሰጂው" አሉ። እዚያው ሱቁ ደጅ ያለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩላቸው።

ቤት ገብቼ ስሰካው እምምም የሚል ድምፅ። ኮምፒውተሩ በአንዱ ግድግዳ፣ ማሽኑ በሌላው ግድግዳ ተሰክተው ነበር። ሁሉንም ነቅዬ አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰካኋቸው። እምምታው ጠፋ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ

እማማን ለምኜ አስቀመጥኳቸው። ቁልፉን እኔ አዞራለሁ፣ መራጯ እሳቸው።

ካቴድራሉን ሲሰሙ "ይሄማ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ገብቼ እንጉርጉሮ የማወርደው ምን ቆርጦኝ ነው?" አሉ። ሳምሶን አዳራሹን ወደደው፤ እሳቸው "ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሰው የለበትም" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ባይገባኝም አለፍኩት። ክፍሉ ጠበባቸው።

ከዚያ ሳላስበው አንዱን ቁጥር ነካሁ። የብረት ቃና ያለው፣ ብሩህ ድምፅ። የማስተጋባቱን ጅራት አሳጠርኩት። እማማ እጄን ያዙኝ።

"ተዪው! እንዳትነኪው! መጋዘኑ ነው!"

የኪነት ቡድኑ የሚለማመደው ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር አሉ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ።

ቀረጻውን ጀመርን። መጀመሪያ ሳል አቋረጣቸው። ሁለተኛው ላይ ግጥሙ ጠፋቸው። ሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፦

ደጄን አልዘጋሁም እኔስ እስከ ዛሬም፣
ሰው ይሄዳል እንጂ መንገድ አይሞት መቼም።

ሳምሶን ስለ አባቱ መሆኑ ሲገባው ወደ ግቢ ወጣ። ሲጨርሱ ቀረጻውን አቆምኩ። ከዚያ እማማ ዞር ብለው "አንቺ ጆሮ አለሽ" አሉኝ።

ጆሮ አለሽ! እኔን! ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴ አልከደን ብሏል።

እሑድ

ዘመድ አዝማድ ሊሰናበታቸው መጣ። ቤቱ ሐዘን ቤት ሊመስል ሲል እማማ ራሳቸው "ሰሊ፣ አሰሚያቸው" አሉ። ከፈትኩት። ከዳውሮ መጥተው እዚህ ሠላሳ ዓመት የኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ጎንበስ ብለው "ይቺ ዘፋኝ ማናት?" ብለው ጠየቁኝ። በእጄ አሳየኋቸው። እትዬ ማርታ እልል አሉ፤ ቤቱ ተከተላቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደ ልጃገረድ አፈሩ።

ማክሰኞ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ድምፃቸውን ለማወቅ ሳምንታት እንጠብቅ አለ።

ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ስገባ በእጃቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"እንዴት ነው?" አሉኝ። ድምፃቸው የወፍጮ ድንጋይ ሲፋጭ ይመስላል።

መዋሸት አልሆነልኝም። "ሻክሯል፣ እማማ።"

ትንሽ አሰቡበት። "ይሻክር። ድምፄ አለ አይደል?"

"አለ።"

ፈገግ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደፊት እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ዛሬ ግን ከሆስፒታሉ ስወጣ በመንገዱ ሁሉ ጮክ ብዬ እያንጎራጎርኩ ነው ቤት የደረስኩት።