የዘገየው ካርድና የሐይቁ ዳር ቤታችን

ኦሉ፣ ፊንላንድ፣ ኖቬምበር 16

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? አንተ ያለህበት ቱርኩ ገና አልበረደም እያልክ ስትፎክርብኝ ነበር፤ እኛ ጋ በረዶው ከጣለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ባሌ ኢልካ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሃል። እኔም ደህና ነኝ። ፊደሎቼ ይህን ያህል ስለተለቁ አትሳቅብኝ፤ ቤት ውስጥ ያገኘሁት ወፍራሙን እስክሪብቶ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ልውቀስህ። "አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ሳይወጣ አሮጌሽን ሽጪው፤ ከወጣ በኋላ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?" ያልከኝ አንተ ነህ። ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው ብለህ አሳመንከኝ። አንዲት ተማሪ መጥታ በፎጣ ጠቅልላ ወሰደችው። በአራተኛው ቀን የአዲሱ ካርድ መውጫ ወደ ኤፕሪል መዛወሩ ተነገረ። አሁን ምስል የሚያሳምርለት ካርድ የሌለው ኮምፒውተሬ ዜና ከማስነበብ በቀር አቅም የለውም። አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ሳንቃ በሳንቃ የሠራኸውን፣ ያደግንበትንና የተሸጠውን የሐይቁ ዳር ቤታችንን ሊያሳየኝ አይችልም።

በአሮጌው ካርድስ መቼ አስገባኸኝ? "በጁን ወር በዩሃኑስ በዓል ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ውሃው ላይ እንዴት እንደምትተኛ በደንብ የሚያሳየው አዲሱ ብቻ ነው፤ እሱ ሳይገባልሽ በሩን አልከፍትልሽም" አልክ። እኔም እንደ ሞኝ ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ።

ባለፈው እሁድ ደውዬ፣ ሱቅ ያለውን አነስተኛውን ካርድ ልግዛው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። "አበድሽ እንዴ! አምስት ወር ምን አላት? በሳምንቱ ፀጉርሽን ትነጪያለሽ" ብለህ ሳቅክ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ። እውነቱን ግን በስልክ ልነግርህ ስላልቻልኩ ነው የምጽፍልህ።

አምስት ወር ምን እንዳላት ልንገርህ። በሴፕቴምበር መኪና መንዳት ከለከሉኝ። ላንተ ቤንዚን ተወደደ አልኩህ፤ ዋሸሁህ። የዓይን ሐኪሟ ወረቀት ላይ ትልቅ ክብ ሣለች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክብ። "አሁን የቀረሽ እይታ ይቺ ናት" አለችኝ ትንሿን እያሳየች። "በኤፕሪልስ?" ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ አታቆዪው" አለች። ሐኪሞቻችንን ታውቃቸዋለህ፣ ቃል ይቆጥባሉ።

ፈርቻለሁ፣ ወንድምዓለም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው የቁም ሳጥኑን ጠርዞች መፈለግ ነው። አንገቴን ሳላዞር አራቱንም አይ ነበር፤ ትናንት አንዱም አልታየኝም። ኢልካ ወንበር ካነቃነቀ እጮህበታለሁ። እሱም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ያ ትዕግሥቱ ደግሞ ይብስ ያስፈራኛል።

ሐሙስ ዕለት በአውቶቡስ ሱቁ ሄድኩ። ጢማሙ ሻጭ ታኔሊ፣ "እኔ ብሆን እጠብቅ ነበር እህቴ፤ ይሄ እኮ በኤፕሪል የሙዚየም ዕቃ ነው" አለኝ። "የምፈልገው ለቅዳሜ ነው" አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ጠቀለለልኝ። ቤት ስገባ ብሎኑን ያሰረልኝ ኢልካ ነው፤ እኔ ቀዳዳውን ላገኘው አልቻልኩም። ዓይኔን ጨፍኜ እገጥመዋለሁ እያልኩ ስፎክርብህ አልነበር?

ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ፣ እኔም አንተም በየቤታችን ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ከመግባታችን በፊት፣ በሩን ክፈትልኝ። ውሃው ግራጫ ቢሆን ግድ የለኝም። ፀሐይዋ የት ጋ እንደምትተኛ እኔ አውቃለሁ፤ አብረን አይደል ስናያት ያደግነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ሳውናው ምድጃ፣ ስለ አባዬ ጀልባ ሰዓት ሙሉ ስታወራኝ፣ ስለ እማዬ ክፍል አንድም ቀን አንስተህ አታውቅም። ካርዱ ዘገየ ሲሉ ከድምፅህ እፎይታ ሰማሁ ልበል? አልቆጣህም። ክፍሏን ገና ካልሠራኸውና ባዶ ግድግዳ ከሆነም ባዶ ግድግዳ አሳየኝ። የመጋረጃዋ ቀለም ከጠፋህ እኔ እስካሁን አልጠፋኝም፤ እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትሠራዋለህ። ብቻ ፈጠን እንበል።

ፈጣሪ ጤናህን ይመልስልህ፣ ያን ሁሉ ሳንቃ የደረደሩ እጆችህን ይባርክልህ። ልጆቹን ሳምልኝ። መልስ ከጻፍክልኝ፣ እባክህ አንተም በወፍራሙ እስክሪብቶ ጻፈው።

የምትወድህ
ታናሽ እህትህ