ፊቴን ያዞርኩላት ብስክሌተኛ

እሑድ፣ የካቲት 9

ፈርሜያለሁ። «ናሙናው ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ» ከሚለው ሥር ስሜን ከነአባቴ ስም ጽፌ ፈርሜያለሁ። አላየሁም።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል። የሴቶች ብስክሌት ውድድር ዛሬ በእኛ በኩል ነበር። ከዋጃ ተነስተው ቆቦን አልፈው፣ ሮቢት ደርሰው ተመልሰው፣ እዚሁ ቆቦ አስፋልቱ ላይ ይጨርሳሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሐኪም የአንደኛዋን ሽንት ይወስዳል፤ አበረታች መድኃኒት ወስዳ እንደሆነ ይመረመራል። ሽንት ስትሰጥ አብራት የምትገባው አጃቢ ሴት መሆን አለባት ስላለ ከጤና ጣቢያው እኔን ነርሷን ላኩኝ። «ሥራሽ አንድ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ሽንቱ ከገላዋ ወጥቶ ዕቃው ውስጥ ሲገባ ማየት። ዓይንሽን እንዳትነቅዪ።»

አንደኛ የወጣችው የእኛዋ ብርቱካን ናት። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ሙቀት እየዘለለ! እኔም አጃቢነቴን ረስቼ እልል አልኩ። ሽንት ቤት ስንገባ ግን ቁምጣዋን ጨብጣ ቆመች።

«ሲስተር፣ አፈርኩ። ትንሽ ዞር በይልኝ» አለች።

ዞርኩ። ግድግዳው ላይ እንሽላሊት ነበረች፣ እሷን ሳይ ቆየሁ። ከኋላዬ የፕላስቲክ ክዳን ቀጭ ብሎ ተከፈተ። የናሙናው ዕቃ ክዳን ግን እኔ እጅ ላይ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ራሴን ለማሳመን የሰበሰብኳቸው ምክንያቶች፦

የሰው ሀፍረተ ገላ ማየት ነውር ነው፣ በሃይማኖቴም አይፈቀድም።

ልጅቷ ደክሟት ነበር፣ አሳዘነችኝ።

ክዳኑ ከኪሷ የወጣ የውኃ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል።

ጽፌ ሳነበው ሳቄ መጣ። ዛሬ እስከ ምሳ ብቻ የስንቱን ሱሪ ዝቅ አስደርጌ መርፌ ወጋሁ? ማዋለድስ? እኔን ዘሀራን መቼ ነው የሰው ገላ አሳፍሮኝ የሚያውቀው? ለራሴ እንኳ መዋሸት አላውቅበትም።

እውነቱ ይኼ ነው። ሁለተኛ የወጣችው ፋንታዬ የሮቢት ልጅ ናት። የቆቦዋ ስትቀድም ደስ አለኝ። ያን ደስታ ማንም እንዳይወስድብኝ ነው የዞርኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ባጃጁ ሳንቲም አልቀበልም አለኝ። «የብርቱካን አጃቢ ከፍላ ትሄዳለች እንዴ!» ግድ የለም ብዬ ብሰጠውም መለሰልኝ። ወርጄ በእግሬ መሄድ ነበረብኝ። አልወረድኩም።

ከተማው የሚያወራው ስለ ክለቡ ነው። አንድ ክለብ ከዚህ አካባቢ አንዲት ልጅ ብቻ ይወስዳል አሉ። አዲስ አበባ ሄዳ፣ ደመወዝ ኖሯት፣ የራሷ ብስክሌት ኖሯት ማለት ነው። የሚጠብቁት የሽንቱን ውጤት ነው።

ውጤቱ ንጹህ ይሆናል። የማን ሽንት እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ለሕፃናት ክትባት ሮቢት ወረድን። የክትባት ብልቃጥ ክዳኑ በተነሳ ቁጥር እደነግጣለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብኝ።

ፋንታዬ የእህቷን ልጅ አዝላ መጣች። አታውቀኝም ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ እኔ።

«ሲስተር፣ ብርቱካንን ያጀብሻት አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በጉልበቷ ነው የቀደመችኝ? በጉልበቷ ከሆነ እኔ ምንም አልልም፣ ከርሞ እሞክራለሁ። ካልሆነ ደግሞ እኔ ደካማ አይደለሁም ማለት ነው። ያን ማወቅ ነው የፈለግሁ።»

«ቅጹ ላይ ሁሉም ደህና ነው» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል። አመስግናኝ ሄደች። ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ሆኖ ዞር ዞር እያለ ያየኛል፤ የወጋሁት እኔ ስለሆንኩ ነው መቼም።

ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ብርቱካን እያነከሰች መጣች። ትኩሳቷ ከፍ ብሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ኮርቻ ላይ መቀመጥ አቃተኝ አለች። በሆዷ አስተኝቼ ልብሷን ዝቅ አደረግሁ። መቀመጫዋ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት፣ ቀይ፣ ሲነኩት የሚያቃጥል። ዙሪያውን ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ። አዲሱም አሮጌውም። መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

እሑድ ዓይኔን ባልነቅል ኖሮ ይኼን ያን ቀን አየው ነበር።

«ማነው የወጋሽ?»

«አሰልጣኙ።»

«ምን ብሎ?»

«ቫይታሚን።»

ከፍቼ መግሉን አወጣሁት። ትራሱን ነክሳ አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ፋሻ አድርጌ፣ መድኃኒት ጀምሬላት፣ ቅዳሜ ተመለሽ አልኳት። ስለ እሑድ እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። እብጠቱ ሳይከፈት ቢቆይ ኖሮ መርዙ ደሟ ውስጥ ይገባ ነበር። ይኼን እያወቅሁ ዝም ብዬ ጓንቴን አወለቅሁ።

ለማንም መናገር አልችልም። የበሽተኛ ነገር ከዚያ ክፍል አይወጣም። ወይ ጉድ! በማየት ሥራዬ ላይ አላየሁም፣ ያየሁትን ደግሞ አልናገረውም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ከጁምዓ በኋላ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ሰው ሲጣላ ለእርቅ የሚጠራ ሽማግሌ ነው። የሐሙሱን አልነገርኩትም። የፊርማውን ነገርኩት፣ የክዳኑንም።

የአጎቴን በሬ አነሳብኝ። እኔ ልጅ ሆኜ የአጎቴ በሬ ተሰርቆ ነበር። በሬው ሲነዳ አባቴ ከማሽላው ውስጥ ሆኖ የሚያውቀውን ሰው ድምፅ ሰምቷል። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ አላየውም። ሽማግሎቹ ፊት ሲቀርብ «ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ሰው አላየሁም» አለ። አጎቴ በዚህ ተቀይሞ ሁለት ዓመት ቤታችን አልረገጠም።

«እኔ አላየሁም ብዬ ወንድሜን አጣሁ» አለኝ አባቴ። «አንች አይቻለሁ ብለሽ ምን አገኘሽ?»

«ልጅቷን ማጥፋት ነው እኮ፣ አባባ።»

«ልጅቷን ማን ክሰሽ አለሽ? ሰረቀች አትበይ፣ አላየሽም። አላየሁም በይ። የዋሸሽው በራስሽ ዓይን ነው። የቀረውን አላህ ያውቅበታል።» ከዚያ ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ «አብሽሪ ልጄ» አለኝ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

የሐኪሙ ስልክ ያለበት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ይዤው ዞሬያለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጠዋት ደወልኩ። ሳልቀመጥ፣ ቆሜ።

«ናሙናው ሲሰጥ አላየሁም። ፊቴን አዙሬ ነበር። አይቻለሁ ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው» አልኩ።

ሐኪሙ ስሜን ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ናሙናው ውድቅ እንደሚሆን፣ ብርቱካን እንደገና እንደምትጠራ፣ ይኼንኑ በደብዳቤ እንድጽፍ፣ እኔም እንደምጠየቅ ነገረኝ። «ሌላ ያየሽው ነገር አለ?» አለኝ። «አላየሁም ለማለት ነው የደወልኩት» አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ታች ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ለፋሻ መጣች። ቁስሉን ከመንካቴ በፊት ነገርኳት። በሆዷ ተኝታ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም። እጇ ብቻ የአልጋውን ብረት ጨበጠ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ጠርጌ፣ አድርቄ፣ አዲስ ፋሻ አሰርኩላት። ተነሥታ ከኪሷ አንድ ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱ ተልጦ ወልቋል።

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። አሰልጣኙ ቫይታሚን ነው ይለኛል። ኋላ የእህትሽን ሽንት በፕላስቲክ ይዘሽ ግቢ ሲለኝ ነው የገባኝ።» ጫማዋን እያሰረች ነበር፣ ቀና አላለችም። «እኔ ዞር በይልኝ ያልኩሽ፣ እንቢ ትይኛለሽ ብዬ ነበር እኮ ሲስተር። እንቢ ብትይኝ አልቅሼ እነግርሽ ነበር።»

ብልቃጡን ትታልኝ ወጣች። በመስኮቱ አየኋት፣ ብስክሌቷን በእጇ እየገፋች በአስፋልቱ ዳር ሄደች። ደብዳቤውን ጀምሬዋለሁ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነኝ። ቁስሏ ይድናል፣ ሰኞ እንዳየው ተመለሽ ብያታለሁ። ትመጣ እንደሆነ ግን አላውቅም።