በገዛ ቤትሽ የተያዘ ምሳ

ልጄ ሰልደን፣ ሃ የምንለው ሸለቋችን ጠባቂ አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ በሰው አገር እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጣሪያ ላይ በርበሬ ያሰጣል፤ ጥቁሯ ላም ወልዳለች።

ማክሰኞ ከዋና ከተማችን ከቲምፉ አንድ አስጎብኚ መጣ። «አማ፣ እናቴ፣ ቅዳሜ አራት ቱሪስቶች ቤትዎን አይተው ምሳ ይበላሉ» አለኝ።

«ከየት ናቸው?» ስለው፣ «ከአውስትራሊያ። አንዷ ሰልደን ትባላለች፤ ቋንቋችንን እንደ አገሬው ሰው ታቀላጥፈዋለች አሉ» አለ። ማን እንዳስተማረሽ አልነገርኩትም።

«እንደ ወትሮዎ ይሁኑ፤ ቴሌቪዥኑን ብቻ ይሸፍኑልኝ» ብሎ ሄደ። ለካ ትቶልኝ በሄደው ፕሮግራማችሁ ላይ «ምሳ ከአንዲት ባላገር አሮጊት ጋር» ተብዬ ተይዣለሁ።

አሁን አስረጂኝ። እዚህ አልጋ እያለሽ ሆቴል ትይዣለሽ፣ ለወለድኩሽ ደግሞ የአንድ ሰዓት ምሳ ትመድቢልኛለሽ? አባትሽ «ልታስደንቅሽ ፈልጋ ይሆናል» ይላል። ተደንቄያለሁ።

ጓደኞችሽ ይምጡ፣ ሊጡን ጎመንና አይብ ሞልቼ የጠቀለልኩት ሆንቴ ይጠብቃቸዋል። ሳቀርብላቸው እንደ ወጋችን አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሁለቴ እምቢ እንዲሉ፣ በሦስተኛው እንዲበሉ አስተምሪያቸው። አንቺ ግን አፍሽን እንዳትሸፍኚ። ያ የእንግዳ ወግ ነው፤ አንዴ እምቢ ካልሽኝ እውነትሽን ነው ብዬ ሳህኑን አነሳለሁ።

መንገድሽ የተቃና፣ ዕድሜሽ የረዘመ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ቅዳሜ እነሱ በፊት ለፊት ሲገቡ፣ አንቺ በጓዳ በኩል እንጨት ይዘሽልኝ ግቢ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው።

እናትሽ