ሦስት ዓመት እዚሁ

ኔታንያ፣ ነቬ ኢታማር
ኦገስት 23 ቀን 2015

ውድ ዘመዱ፣

ወረቀቴ በጤና ያግኝህ። የሜልቦርን ብርድ አልለቅ እንዳለህ ነግረኸን ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሙቀቱ ከቤት አያስወጣም። እናትህ ጉልበታቸው ነው እንጂ ደህና ናቸው። ልጃችን አቪጋይል በቁመት እኔን ልትደርስ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንተ ስትናገር ዝም ማለት ስለለመድኩ መጻፍ ይሻለኛል።

ቴል ሞንድ አጠገብ ያለውን የላብራቶሪ ሥራ ለቀቅሁ። የኬሚስትሪ ዲግሪዬን ይዤ ዘጠኝ ዓመት ብልቃጥ ሳጥብ ኖርኩ። በግንቦት አብራኝ የምትሠራው ኢናቭ፣ ዲግሪ ያለውን ሰው የሒሳብና የሳይንስ መምህር የሚያደርግ ትምህርት አለ ብላ አስመዘገበችኝ። ሁለት ዓመት ነው። ክፍያውን መንግሥት ይችላል፤ ለኑሮም በየወሩ ሚልጋ የሚሉትን የተማሪ ድጎማ ይሰጣሉ። በምትኩ ሦስት ዓመት እዚሁ አገር ማስተማር ግዴታ ነው። በድምሩ አምስት ዓመት። ያኔ አቪጋይል አሥራ አምስት ይሞላታል።

ለመግቢያ ፈተና ሦስት ሰዎች ፊት አቁመው አስተምሪ አሉኝ። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የት እንደሚገባ አስረዳሁ።

"ካልገባኝስ?" አለች አንዷ።

"እንደገና እነግርሻለሁ።"

"አሁንም ካልገባኝ?"

"ያን ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።"

ሳቀች። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

የላክኸው ፖስታ በዚያው ሳምንት ደረሰኝ። ሁለት የቪዛ ፎርም፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የአቪጋይል። የእናትህ ይኖር እንደሆነ ብዬ ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት።

አንተ ጋ እንደማልመጣ ለእናትህ ስነግራቸው ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

"ልጄን ታዲያ ማን ያበላዋል?" አሉ።

"ራሱ ይሠራል፣ እማማ።"

ሌላ ሽንኩርት አንስተው፣ "ብትሄጂማ እኔንስ ማን ያየኝ ነበር?" አሉ። መላጥ ቀጠሉ።

ማክሰኞ የመምህራን ኮሌጁ ሄጄ ፈረምኩ። የጋብቻ ሁኔታ የሚለውን ባዶ ትቼው ኖሮ ጸሐፊዋ፣ "ባለትዳር ነሽ?" አለችኝ። ፎርሙን መልሼ ገፋሁላት። ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበረ ራሷ አንዱ ላይ ምልክት አደረገች። የትኛው ላይ እንደሆነ አላየሁም። ዳቦና ወተት ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

ትምህርቱ ከመስከረሙ በዓላት በኋላ ይጀመራል። አቪጋይል ሐሙስ ሐሙስ ስልክህን ትጠብቃለች፤ ሥራ ቢበዛብህም አምስት ደቂቃ አትንፈጋት። ለእናትህም ለብቻቸው ደውልላቸው። በልጅህ በኩል ሰላምታ መቀበል አይወዱም።

ባንተ ላይ ቂም የለኝም። ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁትም።

እግዚአብሔር በሄድክበት ይጠብቅህ፤ እንጀራህን ያስፋልህ፤ ብቻህን ከመታመም ይሰውርህ።

የአቪጋይል እናት
ዘነበወርቅ