ሲስቅ የተነሳው ፎቶ

ሰኞ

የእሱ ላይሆን ይችላል። ፖሊሱም እንዲያ ነው ያለኝ። ቆላ ወርደው ገለጉ በኩል ሰሊጥ ሲያጭዱ የሰው አጽም አገኙ፤ ልብሱን ጎርፍ ወስዶታል። ባሌ ይግዛው በዚያ በኩል ትራክተር ሊነዳ ሄዶ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ድምፁ የለም። ማንነቱን ለመለየት የሥጋ ዘመድ ደም ይስጥ አሉ። እናት አባት፣ ወንድም እህት የለውም፤ ልጅም አልወለድንም። የቀረው ጥርሱ ነው።

ማክሰኞ

የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። "ጥርሱን ታክሞ ያውቃል?" አለችኝ። ይግዛው! ሲያመው ቅርንፉድ ነክሶ የሚተኛው ሰውዬ! አንዱ ክራንቻው ደረብ ያለ ነው አልኳት።

"ድርብ ጥርስ ስንቱ አለው፣ እህቴ። ሲስቅ የተነሳውን ፎቶ አምጪልኝ።"

ቤት ገብቼ ያለውን ሁሉ አወጣሁ። የመታወቂያው፣ የሠርጋችን፣ የእህቴን ልጅ ክርስትና ያነሳ ለታ። አንዱም ላይ ጥርስ የለም። እኛ ዘንድ ካሜራ ፊት የሚገለፍጥ ሰው እንደ ቀበጥ ይታያል። በሠርጋችን ሁለታችንም መርዶ የሰማን እንመስላለን። ሳቄ መጣ። ከዚያ ቤቱ ጭር ማለቱ ተሰማኝና ተውኩት።

ረቡዕ

የጠፋ ሰው ሚስት መሆን ክፉ ነው። ጎረቤቱ "ይመጣል፣ አይዞሽ" ይላል እንጂ አብሮኝ አያለቅስም። ጥቁር ብለብስ አሟረተችበት ይሉኛል። አሁን አሁንማ በሬን የሚያንኳኳም የለ። ምን እንደሚሉኝ ቢቸግራቸው ይሆናል።

ከሰዓት ጉምሩክ አጠገብ ወዳለው ወደ ሐጅ ሰዒድ ሱቅ ሄድኩ። ይግዛው የትራክተር መለዋወጫ የሚገዛው ከእሳቸው ነበር። ሲስቅ የተነሳው ፎቶ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

"ወላሂ፣ የኢድ ለታ በስልክ የቀረጽነው ቪዲዮ አለ፤ ነይ እይ ልጄ" አሉኝ።

እሱ ነው። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይስቃል። እኔ ጋ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ቀናሁ፤ ምን ይደረግ።

ሐሙስ

ሐኪሟ ቪዲዮውን አቁማ አጎላችውና ይዛው ወደ ውስጥ ገባች። ቆየች። ስትመለስ ወንበሯን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። የአጽሙም ክራንቻ በዚያው በኩል ደርቧል፤ የፊት ጥርሱም ጫፉ ልክ እንደዚያው ተሸርፏል። ሌላም ሌላም አሳየችኝ፤ አልሰማኋትም።

"እሱ ነው፣ እህቴ።"

እንባ እምቢ አለኝ። አመስግኛት ወጣሁ።

ዓርብ

ቀበርነው። ድንኳን ተተከለ። ሐጅ ሰዒድ በጋሪ ውሃ ላኩ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ የእኔም እንባ መጣ፤ ስንት ወር የታፈነው ሁሉ ወጣ። ይግዛው፣ ሞትህን ሳውቅ ቀለል አለኝ ማለት ነውር ነው፤ ለሌላ ሰው አልናገረውም። ቤታችን ሰው ሞልቷል። ከጎኔ ሦስት ሴቶች ፍራሽ እያነጠፉ ነው፤ ዛሬ ብቻዬን አላድርም።