በጀርባዬ ያለፍኩት ፈተና

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? የሆድሽ እንግዳስ እንዴት ነው፣ መራገጥ ጀመረ? እማዬ ለጉልበቷ የታዘዘላትን ቅባት ትቀባለች ወይስ እንደ ልማዷ ለጎረቤት ሁሉ አድላ ጨረሰችው? የአባዬ ሳል ሻል አለው? ባለቤትሽስ ጣሪያውን ዛሬ ነገ እጠግናለሁ ሲል የከረመው፣ ወጣ ወይስ ዝናቡ ቀደመው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ልልሽ ብዕሬን አነሳሁና ውሸት ሆነብኝ። ሰውነቴ ደህና ነው። ሐሳብ ከያዘኝ ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው። ለእማዬ የምታነቢላት ከየት ጀምሮ እንደሆነ መጨረሻው አካባቢ ጽፌልሻለሁ።

የዛሬ ዓመት ለባዮኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ሳመለክት ምን ምን እንደተጠየቅኩ አትረሺውም። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ውጤቴ ከተቆረጠው ነጥብ በላይ ነበር። ሂሳብን እንደምንም አለፍኩ። የመግቢያ ፈተናውንም አለፍኩ። የቀረችው ያቺ የጤና ቅጽ ብቻ ነበረች። አመልካቹ ቀለም መለየት የሚችል መሆን አለበት የሚለውን መስመር አንብበን፣ ቀለም የማይለይ ሰው ደግሞ አለ እንዴ ብለን እንደሳቅን ትዝ ይልሻል? ልጅ ሆኜ የእርሳሶቼን ቀለም አንቺ ነበርሽ የምትነግሪኝ፤ እኛ ግን ስንፍናዬ ነው ብለን አልፈነው ነበር እንጂ እንደ ችግር ቆጥረነው አናውቅም።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ስንሄድ መርማሪው ያን በነጠብጣብ የተሞላ መጽሐፍ ገለጠና ውስጡ ስንት ቁጥር ይታይሃል አለኝ። እኔ የታየኝ የተበተነ ምስር ነው። ላብ አጠመቀኝ። አንቺ ቦርሳዬን ይዘሽ ከኋላዬ ቆመሽ ነበር። ልጆች ሳለን ጀርባ ላይ ፊደል እየጻፍን ምን ጻፍኩ እንደምንባባለው፣ በጣትሽ ጀርባዬ ላይ ስምንት ጻፍሽልኝ። ስምንት አልኩ። ገጹን ገለጠ፤ ሃያ ዘጠኝ ጻፍሽ። ሃያ ዘጠኝ አልኩ። ሰውዬው ከእኔ ኋላ የተሰለፈው ሰው ብዛት አስጨንቆት ቀና ብሎም አላየን። ጤናማ ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ። ውጭ ወጥተን ግድግዳ ተደግፈን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ሌላውን መመዘኛ ሁሉ በጭንቅላቴ አለፍኩ እታለም፣ ይህቺን ግን በጀርባዬ ነው ያለፍኳት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚሉት ለካ እውነት ኖሯል።

እዚህ የላቦራቶሪ ትምህርት ሲጀመር ጉዱ ወጣ። ስኳር መኖር አለመኖሩን የምንለየው በሰማያዊ ፈሳሽ ነው። የሚመረመረውን ነገር ጥቂት ጠብታ እንጨምርበትና የፈላ ውሃ ውስጥ እናቆመዋለን። ስኳሩ ጥቂት ከሆነ ወደ አረንጓዴ፣ ሲጨምር ወደ ቢጫና ብርቱካንማ፣ ሲበዛ እንደ ሸክላ ወደ ቀላ መልክ ይለወጣል። ለሌላው ሰው ይህን ያህል ቀለም ነው፤ ለእኔ ሁሉም ጭቃ ነው፣ ቀጠን ያለ ጭቃና ወፈር ያለ ጭቃ። የፕሮቲኑ ደግሞ ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል ይላሉ፤ እኔ እስከ ዛሬ ሲለወጥ አላየሁትም። በስታርች ብቻ ጀግና ነኝ፣ አዮዲን ሲነካው የሚጠቁረውን በመለየት ማንም አይቀድመኝም።

እስካሁን ያቆየኝ የጠረጴዛ ጓደኛዬ ነው። ጠበቃው እንለዋለን፤ ፀሐይ ወጣች ብትዪው ማስረጃ አምጪ የሚል ሰው ነው። ቴስት ቲዩቡን፣ ማለቴ ፈሳሹ ያለበትን ቀጭን ብርጭቆ፣ ከውሃው ባወጣ ቁጥር፣ ይሄ ብርቱካንማ ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ ብሎ ይጮሃል። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ ድምፅ ሳላሰማ የእሱን ጩኸት ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር። አንድ ሰሚስተር ሙሉ እንዲህ አለፈ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጠበቃው ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ ቀረ። ብቻዬን ሠራሁና አንዱን ቲዩብ ደጋግሜ አይቼ፣ ስኳር ጥቂት አለው ብዬ ጻፍኩ። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴትዮ ናቸው። ቲዩቡን ወስደው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት። ለካ የመጨረሻው ነበር፣ የሸክላው። ልጄ፣ ይሄ የበሽተኛ ቢሆን ኖሮ ደህና ነህ ብለህ ወደ ቤቱ ሰደድከው ማለት ነው፣ ቤቱም ገብቶ ይሞትልህ ነበር አሉኝ። ቲዩቡን መልሰው መደርደሪያው ላይ አቆሙና ወደ ቀጣዩ ተማሪ አለፉ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስበላም ስተኛም ያ ስሙን የማላውቀው በሽተኛ አብሮኝ ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው አድርጌ ነው የማስበው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን የተግባር ፈተናውን እያንዳንዱ ብቻውን እንደሚፈተን ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጭንቅ ሲይዘኝ ለጠበቃው ነገርኩት። መጀመሪያ ማስረጃ ጠየቀ፤ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ የሆነውን ካልሲዬን አየና አመነ። ከዚያ መላ አመጣ። ከኋላዬ ይቀመጥና አንዴ ከሳለ አረንጓዴ፣ ሁለቴ ቢጫ፣ ሦስቴ ቀዩ። ለመለማመድ ገባን። የዚያን ዕለት ደግሞ የእውነት ጉንፋን ይዞት ኖሯል! አንዱን ቲዩብ ሳነሳ አራቴ ሳለ። አራት ሳል የሚባል ቀለም የለም እታለም። እሱ በሁለት እጁ አፉን አፍኖ በዓይኑ ይቅርታ ሲለኝ እኔ በሳቅ ሞትኩ። ሳቁ ሲያባራ ግን ጀርባዬ ላይ ያንቺ ጣት ተሰማኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ጣትና የሰው ሳል ስጠብቅ ልኖር ነው? ያ በሽተኛስ ጠበቃው ጉንፋን በያዘው ቀን ቢመጣስ?

በማግስቱ ጠዋት የኃላፊዋን በር አንኳኳሁ። ሳይሉኝ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጥሩን ማን ነገረህ ሲሉኝ እህቴ አልኩ። ይቅር በይኝ። ጨዋታ መስሏት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቅጹ ላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ ብያለሁ፤ ግን ስምሽን ያነሳሁት ሳልጠይቅሽ ነው። ሴትዮዋ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። የእናትህ ወንድም አለ ወይ? እሱስ ቀለም ይለያል ወይ?

እታለም፣ ወዲያው አጎታችን ትዝ አሉኝ። ይህ ነገር በእናት በኩል እንደሚመጣ፣ እናትየው ራሷ ደህና እያየች ለወንድ ልጇ ልታወርሰው እንደምትችል፣ ብዙ ጊዜ ከወንድሞቿም አንዱ ላይ እንደሚገኝ ወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። የእኔ ልብ ግን የአጎታችን የልብስ ስፌት ቤት ገብቶ ነበር። የትምህርት ቤቱን አረንጓዴ ዩኒፎርም በቡናማ ክር ሰፍተው ያስረከቡበትን ቀን አስታወስኩ። አርባ ዩኒፎርም። ዳይሬክተሩ ደጃፋቸው ላይ ሲወረውርባቸው ክሩ ያው ነው፣ አንድ ነው ብለው ይምሉ ነበር። ሰፈሩ ጠጥተው ነው አለ። ጠጥተው አያውቁም። እማዬ አዋረደኝ ብላ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳቻቸው፣ የገዛ ወንድሟን። ከዚያ ወዲህ ጥቁርና ነጭ ልብስ ካልሆነ አልሰፋም ብለው ቀሩ። ደንበኛው ሸሸ፣ ስማቸውም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቀረ። እኔና አንቺም በዚያ ስም ስንጠራቸው አድገናል። ሰውዬው ግትር አልነበሩም እታለም። የሚያዩት ያንን ነበር፣ ያዩትንም ነበር የማሉት።

አሁን የእኔን ቁርጥ ልንገርሽ። ሐሙስ የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ በእኔ ጉዳይ ይቀመጣል። የፈሳሹን ቀለም በቁጥር የሚያነብ መሣሪያ እንዳለ ኃላፊዋ አሳይተውኛል፤ ቲዩቡን ትከቺበታለሽ፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ የሰው ዓይን አይጠይቅም። አሥር ቲዩብ ሰጡኝና አሥሩንም በትክክል መለስኩ። በደስታ ላቅፋቸው ስል፣ መሣሪያው በዓይንህ ፈንታ ያይልሃል፣ ፊርማህን ግን አያነሳልህም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የመግቢያ መመዘኛውን ሳላሟላ አሟልቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ወደ ሌላ ትምህርት ሊያዛውሩኝም፣ በመሣሪያው እየሠራ ይቀጥል ሊሉም ይችላሉ። ማን ወዴት እንደሚያዘነብል ሴትዮዋም አያውቁም። ፈራሁ እታለም። አባዬ ልጄ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው እያለ ያላወራለት ጎረቤት የለም፤ ሻንጣዬን ይዤ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ይታየኛል። ለኮሚቴው የምሰጠውን ማብራሪያ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አምስተኛው አጭር ነው፣ እውነቱ ብቻ ነው ያለበት፤ አስገብቼዋለሁ።

አንቺም ሳታውቂው ይዘሽው ይሆናል። የምትወልጂው ወንድ ከሆነና ቀዩን አምጣልኝ ስትዪው አረንጓዴውን ይዞ ከመጣ፣ አደራ አትቆጪው። ጀርባው ላይም አትጻፊለት። ወስደሽ አስመርምሪው።

ለእማዬ የምታነቢላት ከታች «እማዬ፣ ጤና ይስጥልኝ» ካልኩበት ጀምሮ ነው። የሐሙሱን ውሳኔ ካወቅኩ በኋላ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። በአንቺ በኩል መጣ እንዳትያት፣ ጥፋት አድርጋ ትወስደዋለች፤ ከሴት አያታችንም የመጣ ነው፣ ማንም መርጦ አልሰጠውም።

እማዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቅባቱን ተቀቢ። ደብዳቤውን በሚያመጣው ነጋዴ ጎረቤታችን እጅ አንዲት ካርቶን ልኬአለሁ። ውስጧ አሥራ ሁለት ጥቅል ክር አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ ስም ያልተለጠፈበት ቲዩብ አይነካም፤ እኔም በየጥቅሉ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ እያልኩ በትልቁ ለጥፌበታለሁ። ቀለሙን ያነበበልኝ ጓደኛዬ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ተከራክሮበታልና ስህተት የለበትም። ካርቶኗ የአጎታችን ናት። ዓይናቸው ከልደታቸው ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይ፣ ያን ጊዜም እንዳልዋሹ፣ እንዳልጠጡም፣ የእኔም ዓይን እንደሳቸው እንደሆነ ንገሪያቸው። እህቴ እንዳትወስድላቸው፣ በሰው እጅም እንዳትልኪ። በራስሽ እጅ ስጫቸው።

ለአባዬ፣ ሳሉን ችላ እንዳይለው፤ ለእኔም ሐሙስ ዕለት ይጸልይልኝ፣ ምክንያቱን አይጠይቀኝ። ለባለቤትሽ፣ ጣሪያውን። ለሆድሽ እንግዳ፣ አጎትህ ቀለምህን ሳያውቅ ወዶሃል በዪልኝ። ለአጎታችን፣ በክሩ የመጀመሪያውን ሸሚዝ ለእኔ ይስፉልኝ። አረንጓዴ ጨርቅ፣ ቡናማ ክር ይሁን። የሚለብሰውም የሚሰፋውም ልዩነቱን አያውቀውም፤ ሰፈሩ ግን ያየዋል።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተማሪዎች መኖሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን