አራት ጋራ እስከ መግሪብ

ጥቅምት 6

ዛሬም ቱሉ ዲማ ጫፍ ሳልደርስ ተመለስኩ።

ጉልበት አይደለም። ትንፋሽ። አቀበቱ መሐል ቆምኩ፣ ቁጭ አልኩ፣ ቁልቁል ከሚሴን አየሁ። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። ወረድኩና ሱቅ ከፈትኩ። የአንዱን ልብስ ሰፊ ማሽን ፈታሁ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ገጠምኩ። እጄ ደህና ነው።

ደብተሬ፣ ነገሩን አንዴ ልጻፍልህና ይውጣልኝ። በክረምቱ ሱቅ ውስጥ ወደቅሁ። ደም ግፊት ነው አሉ። ልጄ ፎዚያ (ከዚህ በኋላ ፎ.) ደሴ ነርስ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ሱቁን ዝጋ፣ ደሴ መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር አለች። ሁለተኛ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል አለች። እውነቷን ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

እኔም አፌ አያርፍ። አባቴ ከሱብሂ እስከ መግሪብ፣ ከጎህ እስከ ፀሐይ መግቢያ፣ አራቱን ጋራ አቋርጦ ማዶ ገበያ ከተማው ሮቢት መንገድ ላይ ይወርድ ነበር፤ እኔም አቋርጣለሁ አልኩ። ያዘችኝ። «እሺ፣ በመግሪብ በእግርህ ደርሰህ ካገኘሁህ ደሴ የሚባል ነገር አላነሳብህም። ካልደረስክ ግን ዕቃህን እጭናለሁ» አለች። አስማለችኝም።

አራቱ ጋራ፦ ቱሉ ዲማ፣ ላፍቶ፣ ጅብ ዋሻ፣ መላጣው። አንዱንም አልጨረስኩም።

ጥቅምት 9

ቱሉ ዲማ ጫፍ። ወጣሁ!

ሁሴን አብሮኝ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ፣ ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲነግድ የኖረ። በእነዚህ ጋራዎች ላይ ማሽላ ያልገዛበት ቤት የለም። ብቻዬን እንዳልሄድ ከለከለኝ።

«አንተ ጃርሳ፣ ብትወድቅ ጅቡም ይታዘብሃል። አጥንት ብቻ ነህ።»

እሱ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ጃርሳ፣ ሽማግሌ፣ የሚለው ግን እኔን ነው።

ጥቅምት 13

ሁለት ጫፍ። ላፍቶ ላይ ቆሜ የጨፋን ሜዳ አየሁ። የቦርከና ወንዝ ይታያል፣ ማሽላው ቀልቷል። ጤና ጣቢያ ለኩኝ፤ ጥሩ ነው፣ ቀጥል አሉ። ማታ ራቴን በልቼ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ይሆናል። አልሃምዱሊላህ፣ ይሆናል።

ጥቅምት 15

ነገ እሑድ። ፎ. ከሥራ ነፃ ናት፤ ሮቢት መንገድ ላይ ትጠብቃለች። መንገዱን በእጄ መዳፍ ላይ እንዳለ ያህል አውቀዋለሁ። ትንፋሽ አስልቻለሁ፣ እረፍት አስልቻለሁ፣ ሶላት አስልቻለሁ። የቀረ የለም።

ጥቅምት 17

አልደረስኩም።

እንደሆነው ልጻፈው።

ከሱብሂ በኋላ ወጣን። ቱሉ ዲማን ጨረስን፣ ፀሐይ ገና ለጋ ነች። ቁልቁለቱ ላይ ማማ አለ። አንዲት ሴት ማማው ላይ ቆማ ወፍ ትጠብቃለች። ወንጭፏን አወረደች፣ ሁሴንን ለየችው። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ ተባባልን። ሰላምታ ቆሞ ነው፤ እየሄዱ ሰላም የሚል ሰው የለም። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የሞተው አጎቷ። ከዚያ «ኮቱ፣ ታኢ!» ብላ አስቀመጠችን። የማሽላ እሸት ጠበሰች። እንቢ እንዳንል፣ የሁሴን እናት ከእሷ እናት ጋር ውሃ አብረው ይቀዱ ነበር፤ እንዴት ተብሎ?

ላፍቶ ላይ ሦስት ቤት አለ። ሦስቱም ሁሴንን ያውቃሉ። አንዱ እርጎ፣ አንዱ ቆሎ። ሦስተኛው ምንም የለኝም ብሎ አዘነ፤ ማዘኑ ከእርጎው የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

ጅብ ዋሻ ላይ ደረስን። ያኔም ሰዓት ነበረን፣ ወላሂ ነበረን። መንገዱ በአንድ ግቢ መሐል ያልፋል፤ ግቢው ውስጥ ሰዎች ለዱዓ ተቀምጠዋል። ጫቱ ቀርቧል፣ ሸሁ ከፊት። ሰላም ብለን ልናልፍ ስንል ሁሴን አፉ አምልጦት ስለ ግፊቴና ስለ ልጄ ነገራቸው። ሸሁ ደነገጡ። ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ አሉኝ።

መረቁኝ።

ጉልበትህን የአንበሳ ያድርገው፤ አሚን። ደምህን ያረጋጋው፤ አሚን። መንገድህን ያሳጥርልህ፤ አሚን። የእኔን ጨርሰው ወደ አባቴ ተሻገሩ፣ ከአባቴ ወደ አያቴ። የመላጣው ጥላ ግቢው ውስጥ ገባ። ምርቃት መሐል የሚነሳ ሰው አይቼ አላውቅም፣ አልሰማሁምም። ሁሴን እጁን ዘርግቶ በጎን ያየኛል። እኔም እጄን ዘርግቻለሁ። መንገድህን ያሳጥርልህ ብለው ደገሙት። አሚን አልኩ፤ ከልቤ።

ስንነሳ መግሪብ ደርሶ ነበር። እዚያው ሰገድን። ጎረምሶቹ በአቋራጭ አወረዱን። መላጣውን ሳልረግጠው ቀረሁ።

ፎ. አስፋልቱ ዳር ቆማለች። አልጮኸችም። ግፊቴን ለካች፣ ደግማ ለካች። ጫማዬን አውልቃ እግሬን አሸችኝ። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 20

ፎ. ደወለች። ረቡዕ መኪና ተከራይታ ታመጣለች። ያስቀረኝ ሰው ነው እንጂ ጉልበቴ አይደለም አልኳት።

«አባዬ፣ ደክሞህ ተቀምጠህ ሰው አስቀመጠኝ ብትል አላፍርብህም።»

አላመነችም። ሁሴንን ጠይቂ አልኳት። ሳቀች። እሱ ቃሬዛ ላይ ብትመጣም ሮጦ መጣ ብሎ ይምልልሃል አለች። ይህም እውነት ነው።

ነርስ ሆና የለካችውን ታውቃለች። ያ ቁጥር ጥሩ ነበር። የምትፈራው ግን ከቁጥር ውጭ ነው፤ በሩ ተዘግቶ እኔ ወለሉ ላይ። እሱን ፍርሃት እንዴት አድርጌ ልጠግነው? ማሽን አይደለ።

ጥቅምት 23

ረቡዕ ሳይደርስ አንዴ ደግሜ ልሞክር ብዬ ከሁሴን ጋር መከርን። ቤቶቹን በዳገቱ እንዙር አልኩ። ገደል ነው አለ። ሳንቆም እንለፍ አልኩ። ተቆጣ። ከሰላምታ የሚሸሽ ወይ ሌባ ነው ወይ ደም ያለበት፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የትኛውን ልሁን አለ። ፊታችንን ተሸፋፍነን እንሂድ አልኩ ደግሞ፤ «አረማመድህን አይተው ኢብሮ ጠጋኙ ነው ይሉሃል፣ የታመመው ደግሞ ፊቱን ሸፈነ ብለው ሌላ ዱዓ ያወርዱብሃል» አለ።

ሳቅን። እሱም ብቻውን ይቀራል፣ ለካ። ይህን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም።

ጥቅምት 25

ፎ. ማታ ገባች። ማሽኖቹ በጆንያ ታስረዋል። የሱቁ መደርደሪያ ባዶ ነው፤ አቧራው ላይ የዕቃው ቅርጽ ቀርቷል። ደሴ ብርድ ነው፣ ብርድ ልብስ ገዝቼልሃለሁ አለች። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋን ማበላሸት አልፈለግሁም። ሽንኩርት ስትልጥ እናቷን ትመስላለች።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ፎ. ዳቦና ካርቶን ግዛ ብላ ላከችኝ። መኪናው ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው። ዳቦ ገዛሁ። ባለሱቁ ካርቶን ሊያመጣልኝ መጋዘን ገብቷል። በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

አስፋልቱ በሰው ሞልቷል። የጋራው ሰው ወርዷል። ፍየል፣ ዶሮ፣ ማሽላ የተጫነ አህያ። የዛሬው ገበያ ሮቢት ነው፤ ሁሉም መኪና ይጠብቃል።

የማማዋ ሴት አየችኝ። መጣች። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። እግርህስ አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። የላፍቶው ባለ እርጎ መጣ። ምንም የለኝም ያለውም መጣ፤ ዛሬ ሁለት ፍየል ይዟል፣ ሊጋብዘኝ ሻይ ቤት ይጎትተኛል። እንቢ አልኩት፤ እዚህ ከተማ ውስጥ እንቢ ማለት ይቻላል። ሸሁስ አልኩ። ትናንት ወርደው ሮቢት ዘመድ ቤት አደሩ፣ በሬ ያሻሽጣሉ አሉኝ።

ታዲያ ጋራው ላይ ማን ቀረ?

ማማው ላይ ልጆች ናቸው። ከልጅ ጋር ሰላምታ አጭር ነው። የቀረውን ሰላምታ ሁሉ እዚህ በረንዳ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ፀሐይ ወጥታለች። ዘግይቻለሁ። ባለፈው በዚህ ሰዓት ቱሉ ዲማ ወገብ ላይ ነበርን፤ ግን ቀኑን የበላው ዳገቱ አልነበረም። ሁሴንን ልጥራው? አልጠራውም። እሱ ካለ ባዶ ቤትም ቁጭ በሉ ይላል።

ባለሱቁ ከውስጥ «ትልቁን ነው ትንሹን?» እያለ ይጮሃል። ዳቦውን አግዳሚው ላይ ተውኩለት፣ አንድ ብቻ ኪሴ ከተትኩ። ፎዚያ ስትመጣ ስጣት፣ በመግሪብ ሮቢት መንገድ ላይ ትጠብቀኝ በላት ብዬ ጮህኩ። «ካርቶኑስ?» ይላል። ገና እየጠየቀ ነው።

ተነሳሁ።